ወንዙ አልነበረም፣ እታለም

ይድረስ ማክሰኚት፣ እኔን ላሳደገች እጅ፣ ለእታለም ወለተሥላሴ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲገባ እንደ አምናው አስቸገረሽ ወይስ ዘንድሮ ራራልሽ? የጋሽ ቢረሳው ሳል ተሻላቸው? ለምለምሽና ባሏ አንዱዓለምስ እንዴት ናቸው፣ ጎጇቸው ሞቀ? ዝናቡ በሰዓቱ ገባ ወይስ እንደ ሰው ልብ ይለዋወጣል? እዚህ ካርቱም ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ብሎ አሁን ተራው የአቧራው ነው። ጠዋት ጠርገን ማታ የምንጠርገው ያው አቧራ ነው። ቢሆንም ሦስታችንም ደህና ነን። «ሦስታችንም» የሚለውን ስጽፍ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ለብቻዬ መሣቄን ልንገርሽ።

ዮሳቤጥ መውለዷን የነገርኩሽ ቀን የሰማሽው ግማሹን ብቻ ነው። መስመሩ ሲቆራረጥ አንቺ «ማን ሞተ?» እያልሽ ስትጮኺ፣ እኔ «ማንም አልሞተም፣ ሴት ልጅ ተወለደችልን» እያልኩ ስጮህ የሆስፒታሉ ግቢ በሙሉ ሰማኝ፤ ሳትሰሚ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አማርኛ የማያውቁት እንኳ ከፊቴ ተረድተው «መብሩክ»፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ይሉኝ ነበር። አሁን ተሰማ፣ ጭማቂ ቤት አብሮኝ የሚሠራው የአርማጭሆው ልጅ፣ ለአባቱ ተዝካር በመተማ በኩል ስለሚገባ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ ጽፌ በእሱ ልኬልሻለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ለቤተሰቡ ከማንበብሽ በፊት ለብቻሽ አንብቢው። መጨረሻው አካባቢ ለአንቺ ብቻ የጻፍኩት አለ።

ዮሳቤጥ መፀነሷን ያወቅነው ታኅሣሥ ላይ፣ እዚህ ሰዉ በዳቦ ውድነት ተማሮ አደባባይ መውጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። እንደምታውቂው ሰፈራችን፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ቤት ነው የምትሠራው። አብራት የምትሰፋ ሱዳናዊት ሳይውል ሳያድር ይዛት ወደ ሐጃ መዲና ሄደች። ሐጃ መዲና የሰፈራችን ዳያ ናቸው፤ እዚህ አዋላጅን ዳያ ይሏታል። ስድሳን ያለፉ፣ ነጭ ቶብ የሚለብሱ፣ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ግማሹን ሰፈር በእጃቸው የተቀበሉ በመሆናቸው ትልቅ ትንሹ ይፈራቸዋል። ጠዋት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤት ለቤት ይዞራሉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። አስተማሪ የነበርኩ ሰው ሆኜ «ያልታመመ ሰው ምን ይመረመራል?» አልኳት። ዮሳቤጥ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «አንተ ለጭማቂ ቤቱ ማንጎ ስትገዛ ላዩ ስላማረ ብቻ ትገዛለህ? ጫን ጫን አድርገህ አይደል?» አለችኝ። በየወሩ ሄደች። ደሟንና ሽንቷን መረመሯት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወጓት፣ ለደም የሚሆን ኪኒን ሰጧት። ጉበት፣ ምስርና ቅጠላ ቅጠል እንድትበላ አዘዟት። እኔም ጭማቂ ቤቱ ካለበት ሰፈር፣ ከዐማራት፣ ስመለስ ጉበት ገዝቼ መግባት ልማዴ ሆነ። ሥጋ ሻጩ ሲያየኝ ሳልጠይቀው ይመዝን ጀመር።

ሚያዝያ ማብቂያ ላይ፣ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ነገሩ ተለወጠ። ያን ቀን ለኢድ የታዘዘ ቀሚስ ሰፍታ ጨርሳ፣ ከጓደኛዋ ጋር እየተሣሣቀች በእግሯ ነው የሄደችው። ሐጃ መዲና ክንዷን አስረው የደም ግፊቷን ለኩ። ፈትተው እንደገና ለኩ። ትንሽ አሳርፈው በሌላው ክንዷ ለኩ። ከላይ መቶ ሃምሳ፣ ከታች መቶ። «ምን ያምሻል?» ሲሏት «ምንም» አለች። እውነቷን ነው እታለም፣ ምንም አልነበራትም። ደም ብዛት እንደ ሌባ ነው፤ ውሻው ሳይጮህ ነው የሚገባው። ባትለካ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

እኔን አስጠሩኝና በቤተሰብ ይህ ሕመም ያለበት እንዳለ ጠየቁን። በዮሳቤጥ በኩል የለም። እኔ ደግሞ «እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታለች» አልኩ። «ከአማት አይወረስም፤ ግን እንዴት ሞተች?» አሉኝ። ከአንቺ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ማለቱን፣ ቀለበቷን በቅቤ እንኳ ማውጣት አለመቻሉን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ማለቷን፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ማለቱን፣ በመጨረሻም ምጥ ላይ ሳለች ሰውነቷ መንዘፍዘፉን። ሐጃ መዲና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው «ስማኝ ሀበሺ፤ አሁን የነገርከኝን በደንብ ያዘው። ለሚስትህ የምነግርህ ምልክት ያው ነው» አሉኝ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብልጭታ ወይም ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድን ሥር የሚይዝ ሕመም። «ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ‘እስከ ነገ ይሻላታል’ ማለት የለም። ያላ፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። መንገድ ቢዘጋም ያላ።»

ሐኪም ዘንድ ላኳት፤ በቀን ሦስት ጊዜ የምትወስደው ኪኒን ታዘዘላት፤ በየሳምንቱ ግፊቷና ሽንቷ እንዲታይ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሆስፒታል፣ እኔ አስታማሚ ሆንኩልሽ። የንጋቱ አዛን ሲሰማ አንድ ኪኒን፣ ከቀትር በኋላ አንድ፣ ልንተኛ ስንል አንድ። ዮሳቤጥ «ዶክተር በላይነህ» የሚል ስም አወጣችልኝ። ሐኪሙ ጨው እንድትቀንስ ሲመክራት ደግሞ ክፉ ሆነባት፤ ጅብና የሚሉትን ጨዋማ ነጭ አይብ ትወዳለችና። «ተውኩት» ብላኝ ደስ ብሎኝ ስኖር፣ አንድ ቀን ክር ፈልጌ የስፌት መኪናዋን ሣጥን ብከፍት አይቡ በወረቀት ተጠቅልሎ ከመቀስ ጋር ተኝቷል። እሷም ሳታፍር «የእኔ አይደለም፣ የማሽኑ ነው» አለችኝ።

እኔም ከእሷ አልተሻልኩም። ሰዉ ከርከዴ የሚሉት ቀይ የአበባ ጭማቂ ግፊት ያወርዳል ሲል ሰምቼ ከሥራ ቤት አንድ ትልቅ ጠርሙስ አምጥቼ ላጠጣት ስል ሐጃ መዲና ደረሱ። «ለነፍሰ ጡር ማን አዘዘልህ? በወሬ መድኃኒት አይሰጥም» ብለው ተቆጡኝና ጠርሙሱን ተቀብለው፣ ተቀምጠው፣ ራሳቸው ጠጡት። ስኳር እንዳነሰውም ነገሩኝ።

በኢድ ዋዜማ እዚህ የሆነውን ሰምታችኋል። ወታደር አደባባይ በተቀመጠው ሰው ላይ ተኩሶ የሰው ልጅ ነው የረገፈው። ያንን በዚህ ደብዳቤ አላነሳውም፤ ነፍስ ይማር ብቻ። ከዚያ በኋላ አገሩ በሙሉ ሥራ አቆመ፣ ሱቁም ጭማቂ ቤቱም ተዘጋ። የሰፈሩ ሰው ወታደር እንዳይገባበት መንገዱን በድንጋይ፣ በጡብና በአሮጌ አልጋ ዘጋው።

ሰኔ ሦስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዮሳቤጥ «ራሴን ያዘኝ» አለች። ወዲያው ደግሞ «ከሙቀቱ ነው» ብላ ስፌቷን አነሳች። እኔ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። ክሩን ልታስገባ ሁለት ሦስቴ ሞክራ መርፌውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በላይነህ፣ የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለችኝ።

እታለም፣ ሦስት መንገድ ሮጬ ሐጃ መዲናን ይዤ መጣሁ። ለኩ። መቶ ሰባ በመቶ አሥር። ጃንጥላቸውን አንስተው «ያላ» ብቻ አሉ። ጎረቤታችን ረሺድ ሦስት እግር ባጃጅ አለው፤ እዚህ ረክሻ ይሉታል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «ዛሬ እኮ ሥራ ማቆም ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ሐጃ መዲና «አንተን ያዋለድኩህም እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም መንገድ ዝግ ነበር» አሉት። ሞተሩን አስነሳ።

ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ አራት ቦታ መንገዱ ተዘግቷል። የመጀመሪያው ጋ ስንደርስ ኡስታዝ ኢሳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ቆመዋል። እኔ በተሰባበረ ዐረብኛ ላስረዳ ስጀምር ዮሳቤጥን አዩና እጃቸውን አነሱ። «ረክሻ የሚያሳልፍ ብቻ ክፈቱ» አሉ። ወንዱም ሴቱም ድንጋዩን እየተቀባበለ አነሳ። አንዲት አሮጊት ሁለት ጡብ አቅፈው ወደ ዳር ሲወስዱ አይቻለሁ። ካለፍን በኋላ ዞር ብዬ ሳይ መልሰው እየዘጉት ነበር። ኡስታዝ ኢሳ ደግሞ ወደፊት ሰው ልከው ኖሮ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጋ ስንደርስ የረክሻ ያህል ቀዳዳ ተከፍቶ ጠበቀን። «ሰላምታክ»፣ ይማርልህ እንደማለት፣ እያሉ ያሳልፉናል። እዚህ አገር ስንት ዓመቴ ነው? የዚያን ቀን ያህል የአገሬ ሰው መስሎኝ አያውቅም።

አራተኛው ጋ፣ አስፋልቱ ላይ ግን ወታደር የጫነ መኪና ቆሞ ነበር። ረሺድ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሐጃ መዲና በነጭ ቶባቸው ብቅ ብለው «ማሪዳ፣ ታማሚ ይዘናል» አሉ። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ የዮሳቤጥን ሆድ፣ ከዚያ ፊቷን አየ። እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። እኔ የዮሳቤጥን እጅ ይዤ ትንፋሿን ስቆጥር ነበር። የምፈራው ወታደሩን አልነበረም። እንዳትንዘፈዘፍ ብቻ ነበር።

ሆስፒታሉ ሥራ ያቆመው በሌላው ሁሉ ነው እንጂ ድንገተኛ ክፍሉ ክፍት ነበር። ቤቷ ሳትገባ ቀናት የሆናት ወጣት ሐኪም በነጠላ ጫማ እየሮጠች ተቀበለችን። መርፌ ወጓት፣ ጉሉኮስ ሰቀሉላት፣ ምናልባት ቀድሞ ከተወለደ ብለውም የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ሰጧት። እስከ ከሰዓት ግፊቱ ወረደ፤ ራስ ምታቱም ለቀቃት። አመሻሹ ላይ ዮሳቤጥ «ራበኝ» ስትል ሐኪሟ ሣቀች፣ እኔ ግን ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ሐጃ መዲና አጠገቤ ቆመው «አሁን ነው የምታለቅሰው? ደህና ጊዜ መርጠሃል» አሉኝ።

አምስት ቀን ተኝታ፣ ኪኒኑ ተጨምሮላት ወጣች፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተለካች ሰነበተች። ሐኪሟም ዘጠኝ ወሩ እስኪሞላ ከመጠበቅ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በመድኃኒት ምጥ ማስጀመር ለእናትም ለልጅም ይሻላል አለች። ሐሙስ ሰኔ ሃያ ሰባት አስገባናት። አርብ ጠዋት ምጡ ሲፋፋም ከተማው በድንገት በጡሩምባና በእልልታ ተናወጠ። ወታደሮቹና ሲቪሎቹ ተስማሙ ተብሎ ሰዉ በሙሉ መንገድ ወጥቷል። ዮሳቤጥ በምጥ መሐል ዓይኗን ገልጣ «ለእኔ ነው?» ብትል አዋላጇ «ለአንቺ ነው፣ አሁን ግፊ» አለቻት። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ የምትመዝን፣ ፀጉሯ ግንባሯን የሸፈነ ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያም በኋላ አልለቀቋትም። ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ይችላል ብለው ሳምንት ሙሉ እየለኩ አቆዩን። አሁን ግፊቷ ደህና ሆኗል። ጅብናዋንም በይፋ፣ ግን በልኩ፣ ትበላለች።

አሁን ለብቻሽ ያልኩሽን ልጻፍ።

እታለም፣ ያን ዕለት ልብስ ለማጠብ ወንዝ አብራሽ እንድትወርድ እናታችንን የለመንሻት አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። በቀትር ወርዳ ተለከፈች እንደተባለም አውቃለሁ። እስከ ዛሬ በቀትር ወደዚያ ወንዝ ወርደሽ አታውቂም፤ ልብስ የምታጥቢው በማለዳ ነው። እኔን ስታጥቢኝ፣ ስታጎርሺኝ፣ ትምህርት ቤት ስታደርሺኝ፣ ዕዳ የምትከፍይ ሰው ትመስይኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ምክንያቱ አይገባኝም ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ማንሳት ፈራሁ።

ዮሳቤጥ ከተኛችበት በሦስተኛው ቀን ይህን ለሐጃ መዲና ነገርኳቸው። «ወንዙ ምን አደረገ?» አሉኝ። «ቤቷ ተኝታ ብትውልም ይመጣባት ነበር። ከእርግዝናው ጋር የመጣ ሕመም ነው። እግሯ ያበጠው፣ ራሷን ያመማት ከወንዙ በፊት አይደለም እንዴ? የጎደለው የሚለካት ሰው ነው።» እኔም ቆጠርኩት። እውነት ነው። ቀለበቷ እምቢ ያለው ወንዝ ከመውረዳችሁ ሳምንት ቀደም ብሎ እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርገሽ አጠገቧ ተቀመጥሽ። አባታችን አጨዳ ላይ፣ ሐኪም ጎንደር፣ መንገዱ በእግር። ከዚያ በላይ ምንም ማድረግ አትችይም ነበር።

እኔም የራሴን ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ አንዲት ሴትዮ «እናቱን በልቶ የተወለደ» ስትለኝ ሰምቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺም። ዮሳቤጥ ወልዳ፣ ልጅቱ ደረቷ ላይ ተኝታ፣ ሁለቱም ሲተነፍሱ ሳይ ያ ነገር ከላዬ ወረደ። ከአንቺም ላይ ይውረድ እታለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ተሸከምሽው፤ ይበቃል።

የቀረው የለምለም ነገር ነው። አምስተኛ ወሯን ይዛ እስካሁን ጤና ጣቢያ አለመሄዷን ሰማሁ። ደህና ነኝ ትላለች አሉ። ዮሳቤጥም ደህና ነበረች። ለምለም ደግሞ የእናታችን የልጅ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ሕመም በዘር ሊከተል ይችላልና ሄዳ «አያቴ በእርግዝና ደም ግፊት እየተንዘፈዘፈች ሞታለች» ብላ ትንገራቸው። ቃሉን እንደዚሁ ትበል፤ ያኔ ጠበቅ አድርገው ይከታተሏታል። ከደብዳቤው ጋር ሱቅ ዐረቢ ከሚሉት ገበያ የገዛሁትን የግፊት መለኪያ ልኬአለሁ። አጠቃቀሙን ተሰማን አስተምሬዋለሁ፤ ያሳያችኋል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ከዚያ ክንዷ ላይ ይታሰር። መቶ አርባ በዘጠና ከደረሰ ያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ። መለኪያው የጤና ጣቢያውን ቦታ አይተካም፤ አንቺም ራስሽን ተለኪበት፣ ጎረቤትም ይለካበት።

የልጅቱን ስም ገና አላወጣንም። የሰፈሩ ሰው «ሰውራ» ይላታል፤ በእነሱ ቋንቋ አብዮት ማለት ነው። ረሺድ ደግሞ «ረክሻ» በሏት ይላል። እኛ ግን ስሙን ለአንቺ ትተነዋል። ሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስኪደርስ ጊዜ አለሽ። ጥላዬ ብትያትም ደስ ይለናል። የእናታችን ስም በቤታችን ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅምና፣ እስቲ በሕፃን ድምፅ «አቤት» ይባልበት።

ለጋሽ ቢረሳው ጉልበታቸውን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለሳላቸው የሚሆን የዚህን አገር ቅመም በተሰማ ልኬአለሁ። ለአንዱዓለም ሰላም በይልኝ፤ ለምለምን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት እሱ ራሱ እንዲሆን፣ ደጅ ቆሞ ከመጠበቅም ገብቶ እንዲሰማ ንገሪልኝ። እኔ ብዙ የተማርኩት ገብቼ የሰማሁ ቀን ነው። ዮሳቤጥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ ማለታችሁ አይቀርምና ከወዲሁ አሜን፤ ቀድማችሁ የላካችሁት በሶም አጥንቴን ጠገነው» ትላለች። ሐጃ መዲናም «ያቺ ትልቋ እህትህ እንዴት ናት?» እያሉ ይጠይቁሻል።

ለለምለም ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ። ተሰማ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ይመለሳል። ቅቤም ቆሎም አልፈልግም፤ ከላይ ስንት፣ ከታች ስንት የሚለውን ሁለቱን ቁጥር በእጇ ጽፋ ትላክልኝ።

ወንድምሽ በላይነህ

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ሐምሌ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.